ከጎማው ሥር የተነሣ ድንጋይ

በ2016 ዓ.ም. የካቲት ወር ውስጥ፣ በአንድ የገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በበደሳ ከተማ ጎማ ከምለጥፍበት ጥላ ሥር አራት ሰዎች ነበርን። የጭነት መኪና ሾፌሩ ጃዕፈር፣ ጫት ነጋዴው ሳቢት፣ በርበሬ ሻጩ ኦቦ ሙሜና እኔ፣ ህሩይ። ኦቦ ሙሜ ብዙ አልቆዩም። ፍርድ ቤቱ በኋላ ደጋግሞ የጠየቀው ስለዚያች አጭር ቆይታ ነው።

የምሠራበት ቦታ ከመንገዱ ዳር በአራት እንጨት ላይ የቆመ ቆርቆሮ ነው። መንገዱ ከላይ ካለው የቡና መጋዘን ተነሥቶ በእኔ በር አልፎ ወደ ገበያው ቁልቁል ይወርዳል። ኦቦ ሙሜ ከልጃቸው ከረዲያ ጋር የሚሸጡት ከታች፣ መንገዱ ገበያው ውስጥ ከሚገባበት ላይ ነበር። እሳቸው በርበሬ፣ እሷ ሰልባጅ ልብስ። ሁለቱም በአንድ የላስቲክ ጥላ ሥር።

የጃዕፈር መኪና በቁልፍ አይነሣም ነበር። ባትሪው ከደከመ ቆይቷል። ስለዚህ ሁልጊዜ ፊቱን ወደ ታች አዙሮ ቁልቁለቱ ላይ ያቆመዋል። መሄድ ሲፈልግ ከፊት ጎማው ሥር ያለውን ድንጋይ ያስነሣል፣ መኪናው ትንሽ ይንከባለላል፣ ያኔ ማርሽ ሲያስገባ ሞተሩ ይነሣል። የእጅ ፍሬኑ አይሠራም። ማርሹም ሲፈልግ ራሱን ነቅሎ ይወጣል። እንዲህ ሆኖ የሚሠራ መኪና የእሱ ብቻ አይደለም። ከጭሮ ወደ ሚኤሶ በሚወርደው መንገድ ላይ የሚቆም ሰው ብዙ እንዲህ ያለ መኪና ያያል። ሁሉም ድንጋዩን ያምናል።

ያን ቀን ጠዋት ጃዕፈርና ኦቦ ሙሜ ተጣልተው ነበር። ጃዕፈር መኪናውን ለማስተካከል ሲያስነሣው ጥቁር ጭስ ተፋ፤ ጭሱም ሄዶ በርበሬው ላይ አረፈ።

“ሌላ ቦታ የለህም?” አሉ ኦቦ ሙሜ ከታች ጮኸው። “በርበሬዬን ናፍጣ ናፍጣ አሸተትከው! ሰው ወጥ ሠርቶ ሞተር ሊበላ ነው?”

ገበያተኛው ሳቀ። ጃዕፈር ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ ነበር፣ ዓይኑ ቀልቷል። ሳቁ ነው ያናደደው ብዬ አስባለሁ።

“አንተ ሽማግሌ፣ ተነሥ ራስህ!” አለ። “አንድ ቀን በላይህ ላይ ነድቼ ነው የማልፈው፣ ወላሂ!”

ሳቁ ቆመ። በዚያ ዕድሜ ያለ ሰው አንተ አይባልም። ተብሎም በላዩ መሐላ አይጨመርበትም።  ኦቦ ሙሜ ጎንበስ ብለው የበርበሬውን ፊት በእጃቸው መጥረግ ጀመሩ።

ከሰዓት በኋላ ጃዕፈርና ሳቢት ጥላዬ ሥር ጫት ሊቅሙ በርጫ ተቀመጡ። በዚያ ሰዓት በእኛ አካባቢ የተቀመጠ ሰው አይነሣም፣ የሚያስነሣውም ሰው እንደ ነውረኛ ይታያል። እኔ አልቅምም፤ የጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ካላማዳሪያ፣ እየነፋሁ አጠገባቸው ነበርኩ። ጃዕፈር እንደ ልማዱ ይቀልድብኝ ነበር። “ይህ ልጅ ምላሱን ከካላማዳሪያ ጋር ለጥፎታል፣ ማን ፈትቶ ያውጣለት?” ይላል። ሳቢት ስልኩን እያየ ይስቃል።

ነፋስ ተነሥቶ ነበር። ኦቦ ሙሜ ቁልቁለቱን ቀስ እያሉ ወጥተው ፊታችን ቆሙ።

“አሰላሙ ዓለይኩም።”

“ወዓለይኩም ሰላም” አለ ጃዕፈር፣ መሬት መሬት እያየ።

“ጠዋት የተናደድኩት በጭሱ ነው። በአንተ አይደለም።”

“አባባ፣ አውፍ ይበሉኝ። እንቅልፍ አልነበረኝም። አፌ ነው።”

“አፍህን እንግዲህ ጫቱ ይዝጋልህ።”

ሁላችንም ሳቅን። ሳቢት ከፊቱ ለጋ ለጋውን መርጦ ዘረጋላቸው። “ጥርሱን ከየት ላምጣ?” አሉ። “ወቅጣችሁ ስጡኝ።” ከዚያ ወደ መኪናው ዞረው በጣታቸው አሳዩ። “ይልቅ ያንን ድንጋይ ስጠኝ። ላስቲኩን ነፋሱ ሊወስድብን ነው። እታች ድንጋይ የሚባል የለም፣ ሻጩ ሁሉ ወስዶታል።”

ጃዕፈር ጠዋት የሰደባቸው ሰው ነው። አሁን መጥተው ይቅር ብለውታል፣ የለመኑትም አንድ ድንጋይ ነው። እምቢ ማለት አይችልም ነበር።

“ይውሰዱት አባባ። እኔ ሌላ አደርጋለሁ።”

መኪናው ማርሽ ላይ ስለነበረ ድንጋዩ ሳይጣበቅ በቀላሉ ወጣ። መኪናው ንቅንቅ አላለም። ኦቦ ሙሜ ድንጋዩን ሆዳቸው ላይ ታቅፈው መውረድ ጀመሩ።

“ጃዕፈር፣ ድንጋዩ” አልኩት።

“እሺ፣ ይህችን ልጨርስ” አለ። ግን ከኦቦ ሙሜ አፍሮ መሰለኝ ወዲያው ብድግ አለ። እሳቸው ዞር ሲሉ ቆሞ አዩት።

“ተቀመጥ፣ በርጫህን አታፍርስ” አሉት። “መኪናህ ከእኔ በላይ ደክሟል፣ የትም አይሄድም።”

ሁለቱም ሳቁ፣ ጃዕፈርም ተቀመጠ። እኔም ስቄ ወደ ጎማዬ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ጫኚዎች መጥተው መኪናው ላይ የቡና ጆንያ መወርወር ጀመሩ። ጆንያው ሲበዛ ማርሹ ወጣ። መኪናው ሞተሩ ሳይነሣ፣ ያለ ድምፅ ሄደ። እኔ ያየሁት በጥላዬ ፊት ሲያልፍ ነው። ጃዕፈር ሮጦ የበሩን እጀታ ያዘ፣ ትንሽ ጎተተውና ጣለው። ረዲያ ውኃ ልታመጣ ሄዳ ነበር። ኦቦ ሙሜ በርበሬያቸው አጠገብ ተቀምጠው ሳለ መኪናው ደረሰባቸውና እዚያው ሞቱ።

ከሰዉ መካከል አንዱ፣ “ጠዋት ምሎ ነበር! ወላሂ ብሎ ነበር!” አለ። ከዚያ ሁሉም ይህንኑ አለ። ፖሊስ ደርሶ ባይወስደው ኖሮ ጃዕፈርን እዚያው ይገድሉት ነበር።

ፖሊስ እኔንም ጠራኝ። መርማሪው የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው። ጠዋት ጃዕፈር “በላይህ ላይ ነድቼ አልፋለሁ” ሲል ሰምተሃል? ሰምቻለሁ አልኩ። ፈርም አለኝ፣ ፈረምኩ። ከሰዓት በኋላ ስለሆነው አልጠየቀኝም። እኔም ካልጠየቁኝ የምናገር ሰው አይደለሁም። ሳቢት “ስልኬን እያየሁ ነበር፣ ምንም አልሰማሁም” ብሎ ቃሉን ሰጠ፤ በሳምንቱም ወደ ጅጅጋ ሄደ ተባለ። ስልኩ አይሠራም።

ክሱ ሲመጣ በሐሳብ ሰው መግደል የሚል ሆነ። ዛቻው በጠዋት፣ ሞቱ በዚያው ቀን። መኪናውን ከሰውየው በላይ ያቆመው እሱ ነው፣ ድንጋዩንም ያነሣው እሱ ነው ብሎ ጻፈ አቃቤ ሕግ።

የጃዕፈር እህት ሰልዋ ወደ በደሳ መጣች። ጭሮ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አላት። በእናትና አባታቸው ቦታ ያሳደገችው እሷ ናት። የማልጠቀምበት ጎማ ላይ ተቀመጠችና ሻርፗን አስተካከለች።  

“ወንድሜ፣ ለጃዕፈር ትመሰክርለታለህ አይደል? የቆመችለት ጠበቃ ስምህን ይዛለች።”

“እመሰክራለሁ።”

“መታረቃቸውን ተናገር። ድንጋዩን በሰላም እንደሰጣቸው ተናገር። ከዚያ በኋላ ረሳው በል።”

“እሱ አልረሳውም።”

“ምርቃና ላይ የተቀመጠ ሰው ምን ያስታውሳል?”

“እኔ አስታውሼዋለሁ፣ እትዬ ሰልዋ። 'ድንጋዩ' አልኩት።”

ፊቷ ተለወጠ። ይህን ጃዕፈር አልነገራትም ነበር።

“ይህን ለማን ተናገርክ?”

“ለማንም።”

“እንግዲህ ለማንም አትናገር። አንድ ቃል ናት፤ ብትቀር ማን ይጎዳል?” አለች። “ሽማግሌዎቹ ደግሞ ለእርቅ ወደ ኦቦ ሙሜ ቤተሰብ እየተመላለሱ ነው። ገና አልጨረሱም። ሟቹ ራሳቸው 'ተቀመጥ' አሉት ብለህ ሬሳ የምትከስስ ከሆነ እርቁም ይፈርሳል። ጃዕፈር ነግሮኛል እሱን። ለማንም እንዳይናገር ያልኩት እኔ ራሴ ነኝ።”

“ምን ልበል ታዲያ?”

“የሰው ልጅ ይረሳል በል። ይህ ውሸት ነው? የሰው ልጅ አይረሳም?”

 ስትሄድ ለልጆቹ ብላ ያመጣችውን ብስኩት ትታ ሄደች። እኔ ልጆች የሉኝም፤ የወንድሜን ልጆች የእኔ መስለዋታል።

ቀጠሮው ጭሮ ነበር። ከበደሳ በሚኒባስ ሄድኩ። ዳኛው ታመዋል ተባለ። ሁለተኛ ሄድኩ፣ መብራት የለም ተባለ። ሌላ ጊዜ ስሄድ አቃቤ ሕጉ ሥልጠና ሄዷል ተባለ። በሄድኩ ቁጥር የበደሳ ደንበኞቼ ሌላ ጎሚስታ ይለምዳሉ። በግቢው ውስጥ ባለው አግዳሚ ላይ እንደ እኔ የተቀመጡ ብዙ ሰዎች አሉ፣ ፊታቸውን ለይቼ አውቀዋለሁ፣ አንድም ቀን ለምን እንደመጡ ተጠያይቀን አናውቅም። ረዲያም ትመጣ ነበር። ከወንድሟ ጋር ከእኔ ራቅ ብላ ትቀመጣለች።

ጠበቃዋ ሮዳስ ትባላለች። መንግሥት ለማይችል ሰው የሚያቆመው ተከላካይ ጠበቃ ናት። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አትበልጥም፣ ግን ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። በሦስተኛው ቀጠሮ ቀን ከግቢው ፊት ለፊት ባለች ሻይ ቤት ወሰደችኝና ዳቦ በሻይ እያጠቀሰች አናገረችኝ። ከጠዋት ጀምሮ ያልበላች ትመስላለች።

“ሁሉንም ንገረኝ” አለች።

ሁሉንም ነገርኳት። 'ድንጋዩ' ማለቴንም፣ ኦቦ ሙሜ ያሉትንም። ሰልዋ ያለችኝን ግን አልነገርኳትም። እሷ ራሷ ገመተች።

“እህትየዋ ረሳው በል አለችህ።”

ሻዬን ማማሰል ጀመርኩ።

“እኔ ምን በል አልልህም። አይፈቀድልኝም፤ ቢፈቀድልኝም ደክሞኛል። ግን ምን እንደምትናገር አውቀህ ተናገር።” ዳቦውን አስቀመጠች። “ሕጉ ሰውየው ሞተ አልሞተ ብሎ ብቻ አይተውም። ገዳዩ ጭንቅላት ውስጥ ምን ነበር ይላል። አንደኛው፣ ማሰብ ሲገባው ሳያስብ ቀረ፣ ልቡ ሌላ ቦታ ነበር። ይህ ቸልተኝነት ነው፤ ይቀጣል፣ ግን ቀለል ይላል። ሁለተኛው፣ አደጋ እንዳለ ያውቃል፣ ደንቡን ያውቃል፣ ምንም አይሆንም ብሎ ይተወዋል። ይህም ቸልተኝነት ነው፣ ግን ከባዱ። ጽኑ እስራት አለው። ሦስተኛው፣ እንዲሆን ይፈልጋል። ወይም ሊሆን እንደሚችል እያወቀ፣ ቢሆንም ባይሆንም ግድ የለኝም ይላል። እሱ ሐሳብ ነው። እስከ ሃያ ዓመት ያስኬዳል።”

“ሁለተኛውና ሦስተኛው ይቀራረባሉ” አልኳት።

“በጣም። ሁለቱም ያውቃሉ። አንዱ አይሆንም ብሎ ያምናል፣ ሌላው ቢሆንም ይሁን ይላል። ይህን ደግሞ ልብ ከፍቶ ማየት አይቻልም። ከምስክር አፍ ነው የሚገኘው።” ትንሽ ሳቅ አለች፣ የደስታ ሳቅ አልነበረም። “እኛ አገር አብዛኛው ነገር የሚሄደው በሁለተኛው ነው፣ ታውቃለህ? ምንም አይሆንም እየተባለ።”

ወደ በደሳ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ይህንኑ በራሴ ሥራ አሰብኩት። ቡሎን ማጥበቅ መርሳት አለ። ቡሎኑ መሰንጠቁን አይቶ፣ ጭሮ ድረስ ያደርሰዋል ብሎ መልቀቅ አለ። ሆነ ብሎ ቡሎን ማላላት አለ። ጎማው ሲወልቅ ሦስቱም አንድ ናቸው። የሞተው ሰው ልዩነቱን አያውቀውም። ሚኒባሱ ራሱ በር አልነበረውም፣ በገመድ ታስሮ ነበር፣ ማንም ምንም አላለም።

በመጨረሻ አንድ ቀን ዳኞቹም፣ መብራቱም፣ አቃቤ ሕጉም ተገኙ።

ፍርድ ቤቱ የሚሠራው በኦሮምኛ ነው። እኔም የተናገርኩት በኦሮምኛ ነው፣ እዚህ የምጽፈው ወደ አማርኛ መልሼ ነው። ማልኩ። ድምፄ አልወጣም፣ መሐል የተቀመጡት ዳኛ እንደገና አስማሉኝ። ጃዕፈር ከስቶ ነበር። መኪናው ሲጥለው የተጎዳው ጉልበቱ ስላልዳነ ተቀምጦ እንዲከታተል ተፈቅዶለታል። ሰልዋ ከኋላው፣ ረዲያና ወንድሟ በሌላው በኩል።

ሮዳስ ስለ ጭሱ ጠየቀችኝ፣ ስለ ስድቡ ጠየቀችኝ፣ ከሰዓት በኋላ ኦቦ ሙሜ መጥተው ስላሉት ጠየቀችኝ። መለስኩ። ድንጋዩን ማን አነሣው አለች። ኦቦ ሙሜ ራሳቸው ለምነው፣ ተፈቅዶላቸው አልኩ። የረዲያ ወንድም ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ “አባቴን የራሱ ገዳይ ሊያደርገው ነው!” አለ። ዳኛው አስቀመጡት። ሮዳስ ጨርሻለሁ ብላ ተቀመጠች። ከድንጋዩ በኋላ ስለሆነው ምንም አልጠየቀችኝም።

አቃቤ ሕጉ ወፍራም፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ቁጣ አልነበረውም።

“ለፖሊስ ስለ እርቁ አልተናገርክም።”

“አልተጠየቅኩም።”

“ካልተጠየቅክ አትናገርም?”

“አዎ።”

ከኋላ ጥቂት ሰዎች ሳቁ።

“እሺ፣ አሁን እጠይቅሃለሁ። ተከሳሹ መኪናው ፍሬን እንደሌለው ያውቃል?”

“ያውቃል።”

“ማርሹ እንደሚወጣ?”

“ያውቃል።”

“ከታች ማን እንደተቀመጠ?”

“ያውቃል።”

“ጠዋት በላይህ ላይ እነዳለሁ ብሎ ምሏል። ከሰዓት መኪናውን የያዘውን ድንጋይ አሳልፎ ሰጠ። ሌላ አደርጋለሁ ብሎ አላደረገም። ሽማግሌው ድንጋዩን ታቅፈው ከመኪናው ሥር ወደ ቦታቸው ሲወርዱ ቁጭ ብሎ አየ። ታርቀዋል ትላለህ። እኔ ደግሞ ቂሙን ይዞ አጋጣሚውን ተጠቀመ እላለሁ። እርቅ ከነበረ ለምን ተቀመጠ? ረስቶ ነው?”

ሰልዋ ቀና አለች። ዓይኗ እንዴት እንደሆነ አሁንም ይታየኛል። አዎ ብል ያልቅ ነበር። ግን ረሳ ብል፣ በምን አወቅክ ሊለኝ ነው። በምን አወቅክ ሲለኝ ምንም የለኝም። ያን ጊዜ እርቁንም እንደ ውሸት ይቆጥሩታል፣ ጃዕፈርም የሚቀረው ጠዋት የማለው መሐላ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ እዚያ ቆሜ ያሰብኩት አይመስለኝም። 

“ምስክር፣ መልስ” አሉ ዳኛው።

“አልረሳም” አልኩ። “እኔ አስታውሼዋለሁ።”

ሰልዋ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ሮዳስ ብዕሯን አስቀመጠች። አቃቤ ሕጉ አንድ እርምጃ ቀረበኝ።

“ምን ብለህ?”

“'ጃዕፈር፣ ድንጋዩ' አልኩት።”

“እሱስ?”

“'እሺ፣ ይህችን ልጨርስ' አለ።”

“ይህችን ማለት ጫቱን።”

“አዎ።”

“እና ተቀምጦ ቀረ።”

“አልቀረም። ብድግ ብሎ ነበር።”

“ብድግ ካለ ድንጋይ ለምን አላደረገም?”

ረዲያን አየኋት። እሷም ታየኛለች። ወንድሟ ጉልበቱን እያወዛወዘ ነው። የአባቷን ስም እያነሣሁ፣ እሷ ፊት፣ ይህን እንዴት እላለሁ? ጭንቅላቴን ደፋሁ።

“ተከልክሎ ነው” አልኩ ለራሴ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

“ጮክ በል” አሉ ዳኛው። “ማን ከለከለው?”

“ኦቦ ሙሜ። ዞር ሲሉ ቆሞ አዩት። 'ተቀመጥ፣ በርጫህን አታፍርስ፤ መኪናህ ከእኔ በላይ ደክሟል፣ የትም አይሄድም' አሉት። እሱም ስቆ ተቀመጠ። ሁለቱም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።”

የረዲያ ወንድም፣ “ውሸታም!” ብሎ ተነሣ። ፖሊሱ ወደ እሱ ሄደ።

ረዲያ ግን የወንድሟን እጅጌ ይዛ ጎተተችው። “ተቀመጥ” አለችው። “እሱ ነው። እንደዚያ ነው የሚናገረው። አባዬ ነው።”

ለማንም ብላ አልነበረም የተናገረችው፣ ግን ክፍሉ ትንሽ ስለሆነ ሁሉም ሰማ። ዳኛው እንደ ወጉ ከታዳሚ ሰው አይናገርም ብለው ገሠጿት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው አፍንጫቸውን አሹ። አቃቤ ሕጉ ወረቀቱን ገለበጠ፣ መልሶ ገለበጠና፣ “ሌላ ጥያቄ የለኝም” አለ።

መሐል ያሉት ዳኛ ግን ማጣሪያ ጥያቄ ጠየቁኝ። “ተከሳሹ ከተቀመጠ በኋላ፣ ጫኚዎቹ ሲመጡስ? ያኔ ተነሣ?”

“አልተነሣም።”

“ጆንያ ሲጫን አየ?”

“ፊቱ ወደዚያ ነበር።”

“ምን አለ?”

“ምንም አላለም። ምንም አይሆንም ብሎ ይመስለኛል።”

“የሚመስልህን ተወው” አሉ። “ውረድ።”

ስወርድ በጃዕፈር አጠገብ ነው የማልፈው። ቀና ብሎ አላየኝም። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጣቶቹን ያይ ነበር። ሰልዋ ግን ኮሪደሩ ላይ ያዘችኝ።

“ምነው ህሩይ? ምን በድዬህ?”

“እትዬ ሰልዋ፣ እኔ...”

“ይህን ያህል ቀን ዝም ብለህ ኖረህ ዛሬ አፍህን ከፈትክ?” አለችና ድምፅዋ ተቆረጠ። ሮዳስ ከኋላ መጥታ ክንዷን ይዛ ወሰደቻት። “ሃያ ዓመቱን ያነሣለት እሱ ነው” ስትላት ሰማሁ። “ሃያውን አነሣ፣ ሌላ ጫነ” አለች ሰልዋ። ሁለቱም ልክ ነበሩ።

ከግቢው በር ላይ ረዲያ ሚኒባስ እየጠበቀች ቆማ ነበር። ወንድሟ ሲጋራ ሊገዛ ሄዷል። ማለፍ አልቻልኩም፣ ቆምኩ።

“ይቅርታ” አልኳት።

“ለምኑ?”

“ለተናገርኩት።”

“ላስቲኩ የእኔ ነበር” አለች። ወደ መንገዱ እያየች ነው። “ልብሱን ነፋስ ሊወስድብኝ ነው ብዬ ስጮህ ነው ድንጋይ ሊፈልግ የወጣው። ይህን ማንም አልጠየቀኝም።”

 ነፋስ መሆኑን፣ የእሷ ጥፋት እንዳልሆነ ልላት አሰብኩ፤ ከዚያ ግን ከጠዋት ጀምሮ ስለ ጥፋት ብዙ ተብሏል ብዬ ተውኩት።

“እውነቱን ስለተናገርክ አላመሰግንህም” አለች። “ጃዕፈር ሰነፍ ነው። የአባዬን ቀልድ ሰበብ አድርጎ የተቀመጠ ሰነፍ ነው። ግን ሆነ ብሎ አባቴን አልገደለም። ማታ ማታ የሚያስጨንቀኝ ሆነ ብሎ ይሆን የሚለው ነበር።”

ወንድሟ ሲመጣ አየሁትና ራቅ አልኩ። ሁለቱ ፊት ባለው ሚኒባስ ሄዱ። እኔ ሌላ እስኪሞላ ጠበቅኩ። ለመሙላት ጊዜ ወሰደ። የጎን መቀመጫ ላይ የነበሩ አንዲት ሴት ከመሰላ የመጡ መሆናቸውን፣ ለልጃቸው ጉዳይ ለሚቀጥለው ወር ቀጠሮ እንደተሰጣቸው ነገሩኝ። አይዞዎት አልኳቸው።

ፍርዱ የተነበበው ከሁለት ቀጠሮ በኋላ ነው። እኔ ሄጄ ነበር፣ ባልጠራም። ዳኛው ረጅም አነበቡ። ዛቻው መኖሩ ተረጋግጧል አሉ። እርቁም መኖሩ ተረጋግጧል አሉ። ተከሳሹ ሟቹ እንዲሞቱ አልፈለገም፣ ቢሞቱም ይሙቱ አላለም፤ አይሆንም ብሎ አምኗል። ነገር ግን ፍሬን እንደሌለው፣ ድንጋዩም እንደተነሣ ያውቅ ነበር፣ ተነግሮትም ነበር፤ የመኪናው ኃላፊ እሱ እንጂ ሟቹ አይደሉም፤ የሽማግሌ ቀልድ የሾፌርን ግዴታ አያነሣም። የመጨረሻዋን ሲያነቡ ወደ ረዲያ ያዩ መሰለኝ፣ እርግጠኛ አይደለሁም።

ጃዕፈር በሐሳብ ከመግደል ነጻ ተብሎ በከባድ ቸልተኝነት ሰው በመግደል ስድስት ዓመት ጽኑ እስራት ተፈረደበት። ይግባኝ አልጠየቀም። መንጃ ፈቃዱ ተሰረዘ፣ ሽማግሌዎቹም የሁለቱን ቤተሰብ እርቅ በተከታዩ ወር ጨረሱ።